ባዶውን እዩልኝ

ባለፈው ወር ትንሿ ልጄ ለደም ግፊቴ ክትትል ወደ ጤና ጣቢያው ይዛኝ ሄደች። ነርሷ የልጄ እኩያ ብትሆን ነው። «ማማ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ሚዛኑ ላይ ውጪ» አለችኝ። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ግን አልወጣሁም። መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አየሁ። ዜሮ ይላል። ከዚያ ወጣሁ።

ልጄ ሳቀች። «እማዬ ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አለቻት ለነርሷ። «ስኳር ስትገዛም ባዶውን ሚዛን ሳታይ አታስመዝንም። ሰው ሁሉ ሌባ ይመስላታል።»

ነርሷም ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፊቴ ግን ጋለ። ባዶውን የማየው ሰው ሁሉ ሌባ ስለሚመስለኝ አይደለም። ልጄ አያቷን አላወቀቻቸውም። የሚያውቋቸው ሽማግሌዎችም ቢሆኑ እኔ ባለሁበት ያን ነገር አያነሱም፤ ወይም ያነሱና ይስቃሉ። በቱክቱክ ስንመለስ አቧራውን ሽሽት ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ልጄ የደከመኝ መሰላት።

አባቴ አቶ ተሰማ ይባሉ ነበር። በወጣትነታቸው ከደጋው አገር ወርደው እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ፣ የእህል ሱቅ ከፈቱ። በቆሎ፣ ባቄላና ስኳር ይሸጡ ነበር። ገዢው ከሄሉ ሰፈር ይመጣል፤ ከብት የሸጡ የጎዶማ ገጠር ሰዎችም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እኛ ጋ ጎራ ብለው በቆሎ ይጭናሉ። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ቤቱ የእኔና የአባቴ ብቻ ነበር። ሦስተኛ ሰው ካለን ጉዮ ነው። ጉዮ ከእኔ ዕድሜ በላይ ከአባቴ ጋር የሠራ ሸካሚ ነው፤ አፉ ከቀልድ አይለይም።

ሱቁ በር ላይ ባስኩላችን ይቆማል። ባስኩላ ስል ሙሉ ጆንያ የሚመዘንበትን፣ ከታች የብረት ሰሌዳ፣ ከላይ ተንሸራታች ያለውን ትልቁን ሚዛን ነው። አረንጓዴ ቀለሙ ተላልጦ ነበር። ጆንያው ከላዩ እንደወረደ አባቴ ክንዱን በመቆለፊያው ያስሩታል። ባዶውን ሲወዛወዝ አይቼው አላውቅም። እንዳይበላሽ የሚጠነቀቁለት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ስኳር ከያዛቸው ቆይቶ ነበር፤ እሱን ለምደነዋል። ፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃውን መጨረሻ ክፍል፣ ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ግን፣ ከገና በኋላ፣ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጫማቸው ጠበባቸው። ፀሐዩ ነው ያኮማተረው አሉና ሌላ ገዙ። ቀጥሎ ከሱቁ ወደ ጓዳ ሲሄዱ መሀል ላይ ቆመው ግድግዳ መደገፍ አመጡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ ከንፈራቸው ጠቆረ። ጉዮ እንደ ሕፃን አቅፎ መኪና ላይ ጫናቸው።

ሆስፒታል የልብ ድካም ነው አሉን። ልባቸው ደሙን እንደሚገባው መግፋት አቅቶት ውሃ በሰውነታቸው ይጠራቀማል። በመርፌ ውሃው ጎደለላቸውና የሚያሸና ኪኒን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ቤት ድረስ እየመጣች እንድትከታተላቸው የተመደበችው ሲስተር ቱሜ ነበረች።

ሲስተር ቱሜ የቦረና ሴት ናት፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም። አማርኛዋን የተማረችው ከድንበሩ ማዶ ገበያ ነው። ቃል ሲጠፋት ስዋሂሊ ወይም ኦሮምኛ ታስገባለች እንጂ አትቆምም። «እርስዎ» የሚባለው ነገር ግን ጨርሶ አልገባትም። አባቴን «አንተ» ትላቸው ነበር፤ ስትጠራቸውም እንደ አገሬው በስዋሂሊ «ምዜ»፣ ሽማግሌው፣ ብላ ነው። እሳቸውም ከሷ ሲሆን አይከፋቸውም።

እኔን አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረችኝ። «በሽተኛ ጋ ስትገቢ መጀመሪያ እይ፤ ከዚያ ንኪ፤ ከዚያ ስሚ። ቁጥሩ መጨረሻ ነው» አለችኝ። የአንገታቸው ሥር ተነፋፍቶ እንደሆነ እንዳይ፣ ስንት ትራስ ተደግፈው እንዳደሩ እንድጠይቅ፣ ሲያወሩ ትንፋሽ ቆርጧቸው እንደሆነ እንዳዳምጥ ነገረችኝ። አውራ ጣቷን ከቅልጥማቸው በታች ተጭና ቆየችና አነሳችው። ጣቷ የነበረበት እንደ ሊጥ ተጎድጉዶ ቀረ። «ይኼ ጉድጓድ ውሃ ነው» አለች። የእግራቸውን ጣቶች መሀል ሳይቀር አየች፤ ስኳር ስሜት ስለሚሰርቅ ቁስል ቢወጣ እሳቸው አያውቁትም። ጣታቸውን ወግቼ የደም ስኳራቸውን የምለካበትን መሣሪያ ሰጠችኝ። የልብ ምታቸውን አንጓቸው ላይ ይዤ መቁጠር ተማርኩ።

«አሁን ሚዛን» አለች። «ውሃ ሲጠራቀም መጀመሪያ የሚናገረው ሚዛን ነው፤ እግር ኋላ ነው የሚያብጠው። በየቀኑ ጠዋት፣ ሽንት ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ። ሚዛን አላችሁ?»

«የሰው የለንም» አልኳት።

ዞር አለችና ባስኩላውን አየች። «ይኼስ?»

«እሱ የእህል ነው፤ ለሰው አይሆንም» አሉ አባቴ ቶሎ ብለው።

«ለምን ምዜ? ዘጠና ኪሎ በቆሎ የቻለ አንተን አይችልም?»

«ትክክል ላይሆን ይችላል።»

«ትክክል ማን ፈለገ? ሁልጊዜ ያው ራሱ ከሆነ ይበቃኛል። እኔ የምፈልገው በዛሬና በነገ መሀል ያለውን ልዩነት ነው።»

አባቴ ዓይናቸውን ከባስኩላው ላይ አነሱ። እንደ ጆንያ መመዘኑን አፍረው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ሲስተር ቱሜም እንደዚያው መሰላት መሰለኝ፣ «እኔ ልጀምርልህ» ብላ ከነጫማዋ ወጣችበት። ጉዮ ተንሸራታቹን ገፋው። ስልሳ ሰባት።

«ዋይ! ሆስፒታል እኮ ስልሳ አራት ነኝ። የእናንተ ሚዛን ያወፍራል!» ብላ ሳቀች። ጉዮ ከሚገባው በላይ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ቀጥለው እሳቸው ወጡ፤ ሰባ ስድስት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋታችን በባስኩላ ይከፈት ጀመር። የሚያስጨንቀኝ ሚዛኑ ሳይሆን ከሱ በፊት ያለው ጥያቄ ነበር። ለአባት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ጣሪያውን እያየሁ «አባባ፣ ወጥተው መጡ?» እላለሁ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አዎ ማለታቸው ነው። ጉዮ ደግፎ ያወጣቸውና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሁልጊዜም «ይጫን ወይስ ይራገፍ?» ይላል። አባቴ ፈገግ ይላሉ። እኔ በበሩ ጀርባ በጠመኔ እጽፋለሁ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ያያሉ። አንዳንዶቹ እርስ በርስ በክንድ ይነካካሉ። የሰው መመዘን ያስቃቸው ይመስለኝ ነበር።

ኪኒኑ ሠራ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ሰባ ሁለት ደረሰ። የድሮ ጫማቸው ገባላቸው። ሲስተር ቱሜ መጥታ አየቻቸውና ደስ አላት። «ሁለት ኪሎ ከጨመረ ትልኪብኛለሽ» ብላኝ ሄደች።

ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባታቸው በሕመማቸው ምክንያት እንዳይጾሙ ነግረዋቸው ነበርና እሺ ብለው ይበሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ግን አልተዉም። ቤተ ክርስቲያናችን ከኬላው ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው። በመኪና ወስደን እናመጣቸዋለን። ያላወቅሁት ነገር፣ ቅዳሴ ባለበት ቀን የሚያሸናውን ኪኒን አይውጡም ነበር። ጸሎት አቋርጦ በሰው መሀል መውጣት አፍረው ነው። ይህን ያወቅሁት ኋላ ትራሳቸውን ሳነሳ ኪኒኖቹ ሲረግፉ ነው።

በበሩ ላይ ያለው ቁጥር መውጣት ጀመረ። ሰባ ሦስት፤ አለፍ ብሎ ሰባ አራት። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ያለው ወቅት ነበር፤ ነፋሱ ቀይ አቧራ እያነሳ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ ሙቀቱ ጤነኛውንም ትንፋሽ ያሳጥራል። ሲስተር ቱሜ ለክትባት ሥራ ወደ ጎዶማ ወጥታ ነበር። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው አባቴ «እሷ ስትመለስ» አሉ። ጨነቀኝ። ተንበርክኬ ተሳልኩ። እመቤቴ፣ ይህን ውሃ ካጎደልሽልኝ ጥላና ጧፍ አስገባለሁ አልኩ።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። በሩ ተዘጋ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ አባቴ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ጉዮን ጠሩትና ከሱ ጋርም ለብቻቸው ተነጋገሩ።

በነጋታው ጠዋት ጉዮ አባቴን አወጣቸው። ተንሸራታቹን ሰባ አራት ላይ አደረገው፤ ክንዱ ወደ ታች ወደቀ። ወደ ኋላ መለሰው። አሁንም ወደቀ። ደግሞ መለሰው። ሰባ አንድ ላይ ቆመ።

«ጉዮ፣ ደግመህ እየው!»

«አይቻለሁ» አለ። አላየኝም። ይጫን ወይስ ይራገፍም አላለም።

እልል አልኩ። እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ ጠመኔውን እንደያዝኩ፣ እልል አልኩ። አባቴ ገና ሰሌዳው ላይ ናቸው። «ተይ … ተይ ልጄ» አሉኝ።

«ይመስገን በሉ እንጂ አባባ!»

«ይመስገን» አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ።

ከጎን ያለችው ማማ ሀሊማ ብቅ አለች። ማማ ሀሊማ ለመንገደኛ ባቄላና በቆሎ ቀቅላ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት፤ ከአባቴ ጋር ዋጋ ሳትጨቃጨቅ የገዛችበትን ቀን አላስታውስም። «ምን ተገኘ?» አለች።

«አባባ ሦስት ኪሎ ቀነሱ!»

«በአንድ ሌሊት?»

«በእመቤቴ!»

ማማ ሀሊማ ባስኩላውን አየች። ከዚያ አባቴን አየች። «ማሻአላህ» አለች፤ በአጭሩ። ገባች።

እሑድ ስለቴን አስገባሁ። ቀይ ጥላ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ከአንድ እስር ጧፍ ጋር። «የአቶ ተሰማ ልጅ፣ አባቷ ስለተሻላቸው» ተብሎ ሲነገር የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በእልልታ ተቀበሉኝ። ደስታዬ እስከ ኬላው ድረስ አስሮጠኝ። አባቴ ያን ቀን ደክሟቸው ቀርተው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሕዝቡ እንዴት እልል እንዳለ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቁጥሩ በትንሽ በትንሹ ይጨምር ነበር። ግን ከሰባ አራት በታች ነው። እኔ ሰባ አራትን ነው የያዝኩት፤ ስለት ያሳለኝን ቁጥር። አባቴ ግን በአንድ ትራስ መተኛት ትተው በሁለት፣ ከዚያ በሦስት ሆኑ። ከዚያም ጨርሶ መተኛት አቅቷቸው ጆንያ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሳላቸው እርጥብ ሆነ። ጫማቸው ዳግመኛ አልገባም።

«አባባ፣ እውነት ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

«ሚዛኑን አይተሽ የለ?» አሉኝ።

የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ምን እንደነበረ ያኔ አልገባኝም።

ሲስተር ቱሜ ከጎዶማ የተመለሰች ዕለት ቤቷ ሳትገባ ወደ እኛ መጣች። ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አቧራ ነበር። ማማ ሀሊማ የግመል ወተት ይዛ በሽተኛ ልትጠይቅ መጥታ ተቀምጣለች። ጉዮ በሩ ላይ ቆሟል።

ሲስተር ቱሜ ገና ከደጃፍ አባቴን ስታይ ሰላምታዋ አፏ ላይ ቀረ። ቦርሳዋን ጣል አድርጋ ጎናቸው ተቀመጠች። አንገታቸውን አየች። ቅልጥማቸውን ተጫነች፤ ጣቷ ጠልቆ ገባ። ጀርባቸው ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ «ተንፍስ ምዜ፣ እንደገና» እያለች ከላይ እስከ ታች አዳመጠች። አንጓቸውን ይዛ ቆጠረች።

«ሚዛኑ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ቀንሰዋል እኮ! ሰባ አራት ነበሩ፤ ሰባ አንድ ወርደው አሁን ሰባ ሦስት ናቸው» አልኳት። በኩራት ነው ያልኩት።

«ይኼ ሰውዬ?» ጣቷ የሠራውን ጉድጓድ አሳየችኝ። «ሳንባው ታች ድረስ ውሃ ነው። ይኼ ሰውዬ ነው የቀለለው?»

ሲስተር ቱሜ ተነስታ ወደ ባስኩላው ሄደች፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ከነጫማዋ ወጣችበት። «ጉዮ፣ አንብብ።»

ጉዮ አልተንቀሳቀሰም። ራሷ ጎንበስ ብላ ተንሸራታቹን ገፋች። ስልሳ ሰባት ላይ ክንዱ ወደቀ። እየመለሰች እየመለሰች ስልሳ አራት ላይ አቆመችው። ወረደች። አሁን ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«ጎዶማ ላይ ፍየል ሲያበሉኝ ከርመው ሦስት ኪሎ ቀነስኩ? ይኼን ሚዛን ማን ነካው?»

ወደ ጉዮ ዞረች። ጉዮ አባቴን አየ።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ። በየቃሉ መሀል ይተነፍሱ ነበር። «ከስሩ … ብረት ነበረው። አስወጣሁት።»

«ምን ብረት?»

ጉዮ ከባንኮኒው ጀርባ ጎንበስ ብሎ አንድ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ አወጣ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ጓ አለ። ባስኩላው በእኛ ሱቅ በተሸጠው ጆንያ ሁሉ ላይ ሦስት ኪሎ ሲጨምር ኖሯል። ያ መቆለፊያ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባዶው ሰሌዳ ባዶ አልነበረም።

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ማማ ሀሊማ እያለች! ወደሷ ማየት ፈራሁ። የሰማሁት ግን ሳቅ ነው።

«ወይኔ ምዜ! ለዚህ ነው ልትሞት የነበረው?» አለች ማማ ሀሊማ ጭኗን እየመታች። «ማን የማያውቅ መሰለህ? ይቺ ልጅ ጡት ሳትጥል ጀምሮ እናውቃለን! ‹የተሰማ ሦስት› ነው የምንለው፤ ሄሉ ድረስ። አንተ ላይ ዋጋ ስጨቃጨቅ ምን የማደርግ መሰለህ? ሦስት ኪሎዬን እኮ ነው የማስመልሰው!»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወሰኝ። ትምህርት ቤት ፈተና አልፌ ውጤቴን ስናገር አንዷ ልጅ «ሦስት ቀንሱላት!» አለችና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ሳይገባኝ አብሬያቸው ስቄ ነበር። መንገደኞቹ በክንድ የሚነካኩት ለምን እንደሆነም ገባኝ። ከተማው ሁሉ ሲያውቅ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባላወቅሁት ነገር ላይ ደግሞ እልል ብያለሁ፤ ማዶ ድረስ ተሻግሬ፣ ጥላ ይዤ።

ሲስተር ቱሜ ግን አልሳቀችም። መርፌ እየሞላች «የበቆሎውን ኋላ ትጣሉበታላችሁ። ጉዮ፣ መኪና! ሃራካ፣ ቶሎ!» አለች። ከዚያ አባቴን ቀና አድርጋ ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ «ምዜ፣ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ለነርስ ሽንት ይነገራል፤ ይኼ አይነገርም?» አለቻቸው።

«ልነግርሽ ነበር» አሉ አባቴ። «ቄሱም ብረቱን አውጣ፣ ለሰዎቹም ንገር ብለውኝ ነበር። ማውጣቱን አወጣሁ።» ተነፈሱ። በእጃቸው ወደኔ አመለከቱ። «እሷ … እልል አለች። እልል ካለች በኋላ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?»

እግራቸውን ይዤ ወደ መኪናው ተሸከምናቸው። ጫማ ስላልገባላቸው ባዶ እግራቸውን ነበሩ።

ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኙ። ውሃው እየጎደለ ከንፈራቸው ወደ ቀለሙ ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ለእሳቸው ምግብ ለማመላለስ ስወጣ በገበያው በኩል ማለፍ አቃተኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አውርጄ በጓሮ በጓሮ እሄድ ነበር። ሰው ሲስቅ ስሰማ በእኛ ነው እላለሁ። በአባቴ እበሳጭ ነበር። ደግሞ አልጋቸው ላይ ሳያቸው በመበሳጨቴ አፍራለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ያን ቀይ ጥላ በክብረ በዓል ተዘርግቶ ባየው ምን እሆናለሁ?

አንድ ቀን ደፍሬ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ የኬላው መንገድ ጭቃ ሆኗል። «አባ፣ ያስገባሁት ስለት በሐሰት ነው። አባቴ ያን ቀን አልተሻላቸውም ነበር። ጥላውን ልመልሰው?» አልኳቸው።

አባ ያን ጠዋት የሆነውን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር፤ ግን የንስሐ ነገር ነውና ሊናገሩ አይችሉም። ጺማቸውን ይዘው ወደ ዝናቡ አዩ። «ተዪው» አሉኝ። «ያመሰገንሽበትን ኋላ ታገኚዋለሽ።»

አባቴ ከሆስፒታል እንደተመለሱ መጀመሪያ ያደረጉት ባስኩላውን ወደ በረንዳው ማስወጣት ነበር። መቆለፊያውን ጉዮ በጉጠት ነቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገዢ ሲመጣ፣ ጆንያው ከመጫኑ በፊት፣ አባቴ ከተቀመጡበት «ባዶውን እዩልኝ» ይላሉ። ሰዉ ያፍራል። «እኛ እናምንሃለን ምዜ» ይላቸዋል። እሳቸው ግን ካላዩላቸው አይሸጡም። አንዳንዱ የጎዶማ ሰው ለእሳቸው ብሎ ጎንበስ ብሎ ያይና «ባዶ ነው፣ አየሁ» ይላል። ማማ ሀሊማ ብቻ አማረረች። «አሁን በምን ልጨቃጨቅህ?» አለቻቸው። መጨቃጨቋን ግን አልተወችም።

እኔንም ጠዋት ጠዋት፣ ገና ሳይወጡበት፣ «ባዶውን እይ ልጄ» ይሉኝ ነበር። አየዋለሁ። ከዚያ ይወጣሉ። ኪኒናቸውን በቅዳሴ ቀንም ይውጡ ጀመር፤ በጸሎት መሀል ተነስተው በሰው ፊት ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ጉዮም ቀልዱ ተመለሰለት። ከሠርጌ በኋላ ድረስ ኖሩ። ሲሞቱ በአልጋቸው ላይ፣ በአንድ ትራስ ነበር።

ባሌስትራዋ አሁንም አለች። የጓሮ በር መደገፊያ ናት። ልጄ በየቀኑ በእግሯ ገፋ እያደረገች ታልፋለች። ከጤና ጣቢያው በተመለስንበት ቀን ወጥ እየሠራች ሳለ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስጨርስ ሄዳ ብረቷን በሁለት እጇ አነሳቻት፤ ክብደቷን ያዝ አድርጋ ቆየች፤ መልሳ አስቀመጠቻት። እኔን ወጥታለች።

ያኔ ለአባ የጠየቅሁትን ነገር ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። አሁን እንዲህ ይመስለኛል። ያን ጠዋት ከቤታችን ሦስት ኪሎ በእውነት ወጥቶ ነበር፤ ከአባቴ ሰውነት አልነበረም እንጂ። እኔ ምን እንደወጣ ሳላውቅ እልል አልኩ። አባቴ የሚያውቁትን ይዘው ዝም አሉ። እመቤቴ ሁለታችንንም ሰማችን። ቀይዋ ጥላ አርጅታለች፤ ዘርፏ ተበጣጥሷል። ስትዘረጋ ሳያት አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ግን ቀና ብዬ አያታለሁ።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ለክትትል ሄድን። ያቺው ነርስ ናት። ጫማዬን አውልቄ ጎንበስ ልል ስል ልጄ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። እሷ ጎንበስ አለች። ቁጥሩን አየች።

«ባዶ ነው እማዬ» አለችኝ። «ውጪ።»